ዕድር በልቅሶ ቀን አይመሠረትም

የሰው ልጅ ወዳጁን የሚለየው በደስታ ቀን አይደለም። በሠርግ ቤት ሁሉ ዘመድ ነው፤ በጠገበ ቤትም ሁሉ ባልንጀራ ነው። ደዌ በገባ ጊዜ፥ ሥራ በጠፋ ጊዜ፥ ደጅ በተዘጋ ጊዜ ግን ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚሄድ ይታወቃል። ነገር ግን ወዳጅ መፈለግን በዚያ ቀን ለሚጀምር ሰው ጊዜው መሽቶበታል። አባቶቻችን ዕድርን ባቋቋሙ ጊዜ ይህን በሚገባ አስበውበት ነበር። ዕድርተኛ በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚያዋጣው ማንም ሰው ባልሞተበት ቀን ነው። ድንኳኑ የሚገዛው፥ ወንበሩ የሚቈጠረው፥ ጡሩምባ ነፊው የሚመረጠው ልቅሶ ሳይኖር ነው። በልቅሶ ቀን የሚታየው ሥራ ሁሉ በሰላም ቀን የተሠራ ነው።

ይህ ሐሳብ እውነት መሆኑን ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው ከአገራችን ውጭ፥ በሊባኖስ፥ በሰው ቤት ተቀጥረው በሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች መካከል ነው። ዘመኑም የኮሮና በሽታ ዓለምን የዘጋበት 2012 ዓ.ም. ነው። ስለ እነዚህ ሴቶች የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ሥቃያቸው ብቻ ነው፤ ሰሚው ያዝናል፥ ከንፈሩን ይመጣል፥ ከዚያም ይረሳል። እኔ ግን ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከሥቃያቸው ይልቅ ሥራቸውን እንድትመለከት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ሥራቸው ከእንባ የሚበልጥ ትምህርት አለው።

አስቀድመን ግን ወደ ራሳችን ከተማ ጥቂት መለስ እንበል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሚያበቃበት ወራት፥ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር፥ ፈረንጆች የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ የሚሉት ተላላፊ በሽታ አዲስ አበባን መታ። ሕዝባችን ይህን መቅሠፍት እስከ ዛሬ የኅዳር በሽታ እያለ ይጠራዋል። በኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ሲቃጠልና ኅዳር ሲታጠን የሚታሰበው ያ ዘመን ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል። በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ ሰው በላይ እንደ ሞተ ይነገራል።

አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ከተቈረቈረች ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ነዋሪዋም አብዛኛው ከየአገሩ የመጣ ወታደር፥ ነጋዴ፥ እንጨት ለቃሚ፥ ውኃ ቀጂ፥ የሰው ቤት አገልጋይ ነበር። ያባቱ ርስት፥ የእናቱ ዘመድ፥ የተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን በሩቅ አገር ቀርቶ ነበር። በሽታው አንድ ቤት በገባ ጊዜ ጌታውንም አሽከሩንም፥ እመቤቲቱንም ገረዲቱንም በአንድነት ስለሚጥል ለበሽተኛ ውኃ የሚያቀብል፥ ለሟች መቃብር የሚቈፍር ጠፋ። በአገሩ ቢሆን መንደሩ ሁሉ ወጥቶ የሚቀብረው ሰው፥ በከተማው ቀባሪ አጣ።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርታት ዕድር በከተሞቻችን እየተስፋፋ ሄደ። ዕድር የዘመዱን አገር ትቶ የመጣ ሰው የፈጠረው ብልሃት ነው ማለት ይቻላል። በባላገር ሰውን ከሰው ጋር የሚያስተሳስረው ደምና ርስት ነበር፤ በከተማ ግን ደምም ርስትም የሌላቸው ጎረቤታሞች በመዝገብ ተጻፉ፥ መዋጮ አዋጡ፥ ዳኛ መረጡ፥ እርስ በርሳቸውም ዘመድ ሆኑ። ስለዚህ ዕድር ስደተኛ የሠራው ዝምድና ነው። ይህን ነገር በልባችን ይዘን ወደ ሊባኖስ እንሻገር።

ሊባኖስ በሜድትራንያን ባሕር ዳር ያለች፥ ስፋትዋ 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ ትንሽ አገር ናት። በጥንቱ ዘመን በቤይሩት ሀብታሞች ቤት የሚያገለግሉት ከተራራው መንደር የመጡ የድኻ ልጆች፥ እንዲሁም የሶርያና የፍልስጥኤም ሴቶች ነበሩ። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት አገሪቱን ሲያምሳት እነዚህ እየቀነሱ ሄዱ፤ በቦታቸውም ከእስያ የሲሪላንካ ሴቶች መጡ። ብዛታቸውም ከፍ ከማለቱ የተነሣ «ሲሪላንካዊት» የሚለው ቃል በቤይሩት ሰው አፍ የቤት ሠራተኛ ማለት ሆኖ ነበር። ቀጥሎ ፊሊፒናውያንና ኢትዮጵያውያን መጡ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከኢትዮጵያ መውጣት ቀላል በሆነ ጊዜ የእኛ አገር ልጆች ቍጥር በየዓመቱ እየጨመረ ሄዶ፥ በ2012 ዓ.ም. በሊባኖስ ከነበሩት ሩብ ሚሊዮን ያህል የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

እነዚህ ሴቶች የሚገቡበት ሥርዓት «ከፋላ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ዋስትና ማለት ነው። ስሙ መልካም ነው፤ ግብሩ ግን ሌላ ነው። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ፥ እነርሱ ኢቃማ የሚሉት፥ ከአንድ አሠሪ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ቤት ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ከወጣች ኢቃማዋ ይፈርሳል፤ ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ ብትወጣም ሕገ ወጥ ተብላ ትያዛለች። ፓስፖርትዋን አሠሪዋ ቈልፎ መያዙ የተለመደ ነበር። በ1939 ዓ.ም. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ ደግሞ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጣው ጽሑፍ በአንድ ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ውስጥ ብቻ 95 የቤት ሠራተኞች እንደ ሞቱ ቈጥሯል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ራሳቸውን ያጠፉ ወይም ለማምለጥ ሲሉ ከፎቅ የወደቁ ነበሩ።

ነገር ግን ከዱላውም ከረኃቡም ይልቅ የከፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ብቸኝነት ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች በአንድ ጣራ ሥር ይውላሉ፤ አንዱ ቢበደል ሌላው ያያል፤ መቶ ሆነው ሊያጉረመርሙ ይችላሉ። የቤት ሠራተኛ ግን በአንድ ቤት አንዲት ናት። በአንድ ሕንጻ ላይ ሃያ ኢትዮጵያውያን ቢኖሩ ሃያውም በሃያ በር የተዘጋባቸው ናቸው። ቋንቋውን አታውቅም፤ ማዳምዋ ካልፈቀደች ስልክ አትይዝም፤ ከቤት የምትወጣው ቆሻሻ ለመድፋት ወይም ልጆች ለመሸኘት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰውን ደካማ የሚያደርገው ድኽነቱ ብቻ አይደለም፤ ድኾች ብዙ ሆነው ሳለ እያንዳንዱ ብቻውን መሆኑ ነው።

እንግዲህ የእነዚህ ሴቶች ታላቅ ሥራ የሚጀምረው በዚህ ነው። የተዘጋውን በር በትንሽ በትንሹ ከፈቱት። አንዲቱ ከሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ በማዶ ያለችውን በአማርኛ ጠራቻት፤ ሌላይቱ ቆሻሻ ስትደፋ ስልክ ቍጥር ተቀበለች። የእሑድ ዕረፍት የተፈቀደላቸው በቤተ ክርስቲያን ተገናኙ። ከአሠሪ ቤት ወጥተው በሰዓት እየተከፈላቸው የሚሠሩት ደግሞ ቡርጅ ሐሙድና ዳውራ በሚባሉት ሠፈሮች አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ሆነው ተከራዩ። በእነዚያም ሠፈሮች እንጀራ የሚሸጥበት፥ ቡና የሚፈላበት፥ ወሬ የሚሰማበት ቦታ ተገኘ። ዕቁብ ተጣለ። የታመመች ስትገኝ ገንዘብ ተዋጣ፤ የሞተች ስትገኝ አስከሬንዋ ወደ አገርዋ እንዲሄድ ተለመነ። ማንም ሳያዝዛቸው፥ ሕግም ሳይፈቅድላቸው፥ አያቶቻቸው በአዲስ አበባ ያደረጉትን እነርሱ በቤይሩት አደረጉ።

በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ኢትዮጵያውያንም፥ ፊሊፒናውያንም፥ ሲሪላንካውያንም የሚገኙባቸው የቤት ሠራተኞች ተሰብስበው በሊባኖስ የሠራተኞች ፌዴሬሽን ረዳትነት የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ፤ የሥራ ሚኒስቴር ግን ሕገ ወጥ ነው ብሎ አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ጥቂት ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ባንቺ ይመር በተባለች ራስዋም የቤት ሠራተኛ በነበረች ሴት መሪነት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን ልብ ብለህ ተመልከተው። ጌቶች ለእኛ፥ መንግሥታት ለእኛ፥ ባዕዳን ለእኛ አይልም። ሌላ ሰው እስኪመጣ አንጠብቅም ማለት ነው። ያን ጊዜ ኮሮና የሚባል በሽታ በዓለም ላይ አልታወቀም ነበር።

ክፉው ቀን የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ የመጣውም ብቻውን አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት በሊባኖስ በመንግሥት ላይ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ፤ ባንኮች ተዘጉ፤ የአገሩ ገንዘብ ዋጋው ይወድቅ ጀመር። የካቲት 13 ቀን በኮሮና የተያዘ የመጀመሪያው ሰው በሊባኖስ ተገኘ። በመጋቢት መንግሥት ሰው ሁሉ በቤቱ እንዲቀመጥ አዘዘ፥ የቤይሩትንም አውሮፕላን ጣቢያ ዘጋ፤ ጣቢያውም እስከ ሰኔ 24 ቀን ድረስ ለመደበኛ ጉዞ አልተከፈተም።

የገንዘቡን ነገር በቍጥር ብናየው ጕዳቱ ይገባናል። ለብዙ ዓመታት አንድ ዶላር 1,507 የሊባኖስ ፓውንድ ተኩል ነበር። በወር 150 ዶላር የምትቀበል ሠራተኛ በዚህ ሒሳብ 226 ሺህ ፓውንድ ያህል ታገኛለች ማለት ነው። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ግን በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር ወደ 9 ሺህ ፓውንድ ደረሰ። እንግዲህ ደመወዝዋን በአገሩ ገንዘብ የተቀበለች ሠራተኛ ያው 226 ሺህ ፓውንድ ተመንዝሮ 25 ዶላር ብቻ ሆነባት። ያውም የተከፈላት እንደ ሆነ ነው፤ ብዙዎች ለወራት ምንም አልተከፈላቸውም።

በሽታውና ድኽነቱ ሠራተኞቹን በሁለት መንገድ ጐዳቸው። በአሠሪ ቤት የሚኖሩት እስረኞች ሆኑ። ባልና ሚስቱ ልጆቹም ሁሉ ቀኑን ሙሉ በቤት ስለ ዋሉ ሥራው በዛ፤ በሽታ ታመጫለሽ ተብሎ የእሑድ ዕረፍት ቀረ። ከአሠሪ ቤት ውጭ የሚኖሩት ደግሞ ነጻ ሆነው ተራቡ። በሰዓት የሚያሠራቸው ሰው ጠፋ፤ የቤት ኪራይ ግን አልቆመም። ኢቃማ ስለሌላቸው ለምርመራ ወደ ሐኪም ቤት መሄድን ፈሩ፤ ሕመም ያልገደላቸውን ፖሊስ ይይዘናል የሚል ፍርሃት በቤት አስቀራቸው። በግንቦት ወር በቤይሩት ራስ ነብዕ በሚባለው ሠፈር ብዙ የባንግላዴሽ ሠራተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት አንድ ሕንጻ በሽታው ገብቶ በርካታ ሰዎች ተያዙ። ተራራቁ የሚለው ትእዛዝ በአንድ ክፍል አምስት ሆነው ለሚያድሩ ሰዎች ሊፈጸም የማይቻል ትእዛዝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ዓለም ሁሉ ያየው ነገር የመጣው። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ደመወዝ መክፈል ያልቻሉ ወይም ያልፈለጉ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ሐዝሚዬ በተባለው ሠፈር ባለው የኢትዮጵያ ቈንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ይሄዱ ጀመር። አንዳንዶቹ ሻንጣ ይዘው፥ አንዳንዶቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው፥ አንዳንዶቹም ያለ ፓስፖርትና ያለ ደመወዝ ቀሩ። ቍጥራቸው ከመቶ በላይ ደረሰ። በመንገድ ዳር ፍራሽ ዘርግተው አደሩ። ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ የመመለሻው ዋጋ ከ500 ዶላር በላይ ነበር፤ ለብዙ ወራት ያልተከፈላት ሴት ይህን ከየት ታመጣለች?

በዚያ ጊዜ ፈጥነው የደረሱላቸው እነማን ነበሩ? በኋላ ጥቂቶቹን የሊባኖስ መንግሥት በሆቴል አስገብቷቸዋል፤ ካሪታስን የመሰሉ የርዳታ ድርጅቶችም መጠለያ ሰጥተዋል፤ ቅን የሆኑ የሊባኖስ ተወላጆችም ብዙ ደክመዋል። ይህን ሁሉ መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ምግብና ውኃ ይዘው፥ በሚገባቸው ቋንቋ «አይዞሽ እኅቴ» እያሉ ከቀደሙት መካከል እንደ እነርሱ የቤት ሠራተኞች የሆኑ ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ሥራ አጥተው፥ ኪራይ ተጠይቀው ነበር።

የሠሩትን በዝርዝር መመልከት ይገባል፤ ምክንያቱም ርዳታ የሚለው ቃል ብቻውን ባዶ ነው። መጀመሪያ መኝታ ሰጡ፤ አራት የሚተኙበት ክፍል ስድስት እንዲያስተኛ ተደረገ። ሁለተኛ ምግብ አከፋፈሉ፤ ሩዝ፥ ዱቄት፥ ምስር፥ ዘይት በከረጢት እየታሰረ ኪራይ በከበዳቸው ሴቶች ቤት ለቤት ታደለ። ከምግቡም ጋር ሳሙናና የአፍ መሸፈኛ፥ ሴቶች በየወሩ የሚያስፈልጋቸውም ንጽሕና መጠበቂያ ነበረበት፤ ይህን የመጨረሻውን ወንድ የርዳታ ሹም ምናልባት ባላሰበው ነበር። ሦስተኛ ወሬ አደረሱ፤ ስለ በሽታው፥ ስለ ሰዓት እላፊው፥ ወደ አገር ስለሚመለስ አውሮፕላን የሚነገረውን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እየመለሱ በስልክ አስተላለፉ። አራተኛ ገንዘብ ለመኑ፤ «እኛ ለእኛ በስደት» በኢንተርኔት አማካይነት በውጭ አገር ካሉ ቸር ሰዎች ገንዘብ እየሰበሰበ ለኪራይ፥ ለሕክምና፥ ለመመለሻ ትኬትም ከፈለ።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ከመከራ ላይ መከራ ተጨመረ። በቤይሩት ወደብ ያለ ጥንቃቄ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ6 ሺህ በላይ ቈሰሉ፤ 300 ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከሟቾቹና ከቈሰሉት መካከል ስደተኛ ሠራተኞች ነበሩ። እነዚያው ሴቶች የተሰበረ መስታወት እየረገጡ እንደገና እኅቶቻቸውን መፈለግ ጀመሩ። በነሐሴ የኬንያ ሴቶችም በአገራቸው ቈንስላ ደጅ ሜዳ ላይ አደሩ። መከራው የአንድ አገር ልጆች ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እነዚህ ሴቶች ገንዘብ የላቸውም፤ ሥልጣን የላቸውም፤ አንዳንዶቹ በአገሩ ለመኖር እንኳ ፈቃድ የላቸውም። ታዲያ መርዳት እንዴት ቻሉ? መልሱ በሦስት ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛው መተዋወቅ ነው። ማን በየትኛው ሠፈር እንዳለች፥ ማን ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች፥ ማን የስኳር በሽታ እንዳለባት ቀድመው ያውቁ ነበር። መንግሥት መዝግቦ የማያውቃቸውን ሰዎች እነርሱ በስልካቸው ውስጥ መዝግበዋቸው ነበር። የርዳታ ድርጅት ቢመጣም ችግረኛ የሚፈልገው በእነርሱ በኩል ነበር።

ሁለተኛው መተማመን ነው። ዕቁብ ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጠባይ መመርመሪያም ነው። ደርሷት ገንዘቡን ከወሰደች በኋላ መክፈሏን ያላቋረጠች ሴት፥ በክፉ ቀን የሰው ርዳታ ገንዘብ ብትይዝ እንደማትበላው ይታወቃል። እንዲህ ያለው መተማመን በአንድ ሌሊት አይሠራም፤ በገንዘብም አይገዛም።

ሦስተኛው እኩልነት ነው። ከባለጸጋ እጅ የሚቀበል ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ከእኩያው እጅ የሚቀበል ግን ነገ እንደሚመልስ ያውቃል። የዛሬዋ ሰጪ የነገዋ ተቀባይ ናት። ስለዚህ በመካከላቸው የተደረገው ምጽዋት አልነበረም፤ ብድር ነበር፤ ብድሩም በገንዘብ የሚቈጠር አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ሁሉ ከበሽታው በፊት የተሠሩ ናቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ማኅበር እንመሥርት ብለው የተነሡ ቢሆን ኖሮ በሮች ተዘግተው፥ እግር ታስሮ፥ ሁሉም በየፍርሃቱ ተውጦ ባገኙት ነበር።

ነገር ግን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የመልካሙን ሥራ ወሰን ደግሞ ሳይሸሽግ መናገር አለበት። ቤት ውስጥ ተቈልፎባት፥ ስልክ ተነጥቃ፥ የማንንም ስም ሳታውቅ ለቀረችው ሴት ይህ ሁሉ ማኅበር አልደረሰላትም። ገመድ ወደ ጕድጓድ ሊወረወር የሚችለው ከጕድጓዱ ውስጥ ድምፅ ሲሰማ ነው። እንደዚሁም ማኅበሩ የተበላ ደመወዝ ሊያስመልስ፥ የደበደበ አሠሪ ሊያስቀጣ አልቻለም። በጳጉሜን 2012 ዓ.ም. የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር ሠራተኛዋ በፈቃድዋ ሥራ እንድትለቅና ፓስፖርትዋን ራስዋ እንድትይዝ የሚፈቅድ አዲስ ውል አውጥቶ ነበር፤ ሠራተኛ አስመጪ ወኪሎች ግን ተቃወሙና የአገሩ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አገደው። ዕድር ሬሳ ይቀብራል እንጂ ገዳዩን አይከስስም።

ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች «ድኾች እርስ በርሳቸው እንዲህ የሚረዳዱ ከሆነ እኛ ምን አስጨነቀን?» ብለው ከዚህ ታሪክ የስንፍና ትምህርት እንዳይወስዱ እፈራለሁ። የድኾች መረዳዳት የድኾችን ክብር ይገልጻል እንጂ የሌሎችን ዕዳ አይሰርዝም። ያሠራ ሰው ደመወዝ የመክፈል ዕዳ አለበት። አገር የዜጎቹን ደኅንነት የመጠበቅ ዕዳ አለበት። ደላላ እውነቱን የመናገር ዕዳ አለበት። የእነዚህ ሰዎች ዕዳ ያልተከፈለ ስለ ሆነ ነው ምንም የሌላት ሴት ካልነበራት ላይ ቈርሳ የከፈለችው።

እኛስ በአገር ቤት ያለን ሰዎች ዕዳ የለብንም? በስደት ካለች እኅታችን ስልክ ሲደወል የመጀመሪያው ቃላችን ምንድር ነው? «ገንዘቡ መቼ ይደርሳል?» ከሆነ፥ እርስዋ ሕመምዋን ትውጣለች፤ ደኅና ነኝ ትላለች። ብዙ ሴቶች ደመወዝ መከልከላቸውን፥ መታመማቸውን፥ ከሥራ መውጣታቸውን ለቤተ ሰባቸው የማይናገሩት ስለሚያፍሩ ነው። በሰው አገር ከእርስዋ ጋር አንድ ፍራሽ የተካፈለችው ባዕድ ሴት ሕመምዋን ስታውቅ፥ የእናትዋ ልጅ ግን የላከችውን ብር ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፥ ከሁለቱ ዘመድዋ ማን ነው?

አንተ ወጣት፥ አንቺም ወጣት፤ ከእናንተ መካከል ነገ ከአገር የሚወጣ ይኖራል፤ በአገርም ሆኖ ከወላጆቹ ርቆ በሌላ ከተማ የሚማርና የሚሠራ ብዙ ነው። ለሁላችሁም ምክሩ አንድ ነው። በደረሳችሁበት ቦታ ሁሉ ሳይቸግራችሁ ሰው እወቁ። የጎረቤታችሁን ስም ጠይቁ። ሁለት ሦስት የስልክ ቍጥሮች በቃላችሁ ያዙ፤ ስልክ ይነጠቃልና። የምትገቡበትን ውል በምታውቁት ቋንቋ ሳታስነብቡ አትፈርሙ። ከትንሽ ዕቁብም ከትንሽ ማኅበርም አትራቁ፤ መዋጮውን ስትከፍሉ ገንዘብ የጠፋባችሁ አይምሰላችሁ። የቀሩትን የምትረሱ ሰዎችም አትሁኑ፤ በየሰገነቱ ላይ ልብስ የምታሰጣ፥ ማንም ስምዋን ያልጠየቃት አንዲት ሴት አትጠፋምና።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም በሊባኖስ ጦርነት በበረታ ጊዜ ብዙ አሠሪዎች እንደገና ሠራተኞቻቸውን ጥለው ሸሹ፤ አንዳንድ መጠለያዎችም ስደተኛ አናስገባም አሉ። በዚያን ጊዜም ስደተኞች ሴቶች ለእኅቶቻቸው መጠለያና ምግብ ለመፈለግ ተነሡ። ይህን ጊዜ ከባዶ አልጀመሩም፤ ስሞቹ ተመዝግበው፥ ቤቶቹ ታውቀው፥ እምነቱ ተፈትኖ ቆይቶ ነበር።

ክፉ ቀን መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ እንደሚመጣ ግን ሁሉ ያውቃል። ልባም ሰው ቀኑን ለማወቅ አይደክምም፤ ቀኑ ሲመጣ ብቻውን እንዳያገኘው ይሠራል እንጂ።